አንደኛ ማርሽ ወደ ካራቆሬ

ስለ መኪና የማላውቀው ነገር ካለ እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም። ሊነግረኝ የሚመጣ ሰው ካለም እኔ ቀድሜ እነግረዋለሁ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ የክፍሉን ቆርቆሮ አግሎት ተማሪው ሁሉ ዓይኑ ሲከደን፣ እኔ የዓለምን ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሰሜን በዚህ፣ ደቡብ በዚያ እላለሁ። አቅጣጫ ስቼ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ እንዳትታዘቡኝ ነው።

አቅጣጫ ካነሳን አይቀር ስለ ከተማችን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ላይና ታች ነው ያለው። ላይ ማለት ደብረ ሲና ነው፣ ታች ማለት ካራቆሬ። አስፋልቱ ከዚያ ወርዶ ወደዚያ ያልፋል፣ እኛ መሀል ላይ ነን። ሻይ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ሰው ሲመጣ «እስቲ ትንሽ ወደ ላይ ጠጋ በል» ይላችኋል፤ እናንተም ወደ ደብረ ሲና አንድ ስንዝር ትጠጋላችሁ። አንዱ የሰፈራችን ሰው ጥርስ ሊያስነቅል ሄዶ «የሚያመኝ የላይኛው ነው» ብሎ፣ ሐኪሙም የላይኛውን ነቅሎለት፣ ሰውየው ለካ በደብረ ሲና በኩል ያለውን ማለቱ ነበር ይባላል። ይባላል እንጂ እኔ አላየሁም።

ወደ መኪናዬ ልመለስ። መኪናዬ ነጭ ናት፤ ስገዛት ነጭ ነበረች ማለቴ ነው። ጉድለቷ አንድ ብቻ ነበር፣ የማርሿ ዘንግ። ረጅም ነው፣ ልል ነው፣ ሲነኩት ማሰሮ ውስጥ እንደገባ ማማሰያ ይዞራል። አራተኛ ማርሽ ሳስገባ ክርኔ የኋላውን ወንበር ይነካል። ያም ሆኖ ተስማምተን እንኖር ነበር። ያጣላን ጋሽ ይማም ናቸው።

ጋሽ ይማም የባለቤቴ የሰዓዳ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ነድተዋል፤ ያንን የደብረ ሲና ዳገት ተሳቢ እየጎተቱ ስንት ጊዜ እንደወጡት ራሳቸውም አያውቁትም። አሁን ጡረታ ወጥተው ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አያዩም። ጆሯቸው ግን የዓይናቸውንም ሥራ ደርቦ ይሠራል። በረንዳ ላይ ተቀምጠው አስፋልቱ ላይ የሚያልፈውን መኪና «ይሄ ባዶውን ነው የሚወርደው»፣ «የዚህኛው ፍሬን አልቋል» እያሉ ያሳልፉታል። ስለ እኔ ሲጠየቁ ደግሞ «የሰዓዳ ባል? አስተማሪ ነው። የሚነዳው ጠመኔ ነው» ይላሉ።

አንድ ጁምዓ ቀን መስጊድ ላደርሳቸው ብዬ አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። በጣም ተጠንቅቄ ነዳሁ። ሲወርዱ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «አስተማሪው፣ አንተ ማርሽ ታስገባለህ ወይስ ትለምናለህ?» አሉኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩት እንጂ ነገሩ ውስጤ ገብቶ ቀረ።

አሁን ዋናውን ጉዳይ ልንገራችሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዓዳ «አባዬ፣ ደብረ ብርሃን ሄደን ሞራው ይነሣልዎት» እያለች ስትለምን እሳቸው «ዓይኔን ለቢላ አልሰጥም» እያሉ ኖሩ። አንድ ቀን ጠዋት ታዲያ ደጃፍ ላይ ለቆመች የጎረቤት ፍየል «አሰላሙ ዓለይኩም» አሏት። ፍየሏ ዝም አለች። እሳቸው ጎረቤታቸው የተቀየማቸው መስሏቸው ይቅርታ ሲጠይቁ ሰዓዳ ደረሰች። በዚያ ቀን ምሳ አልበሉም። ማታውን ጠሩን።

«ሐሙስ እሄዳለሁ» አሉ። «የምሄደው አንዴ ነው። ቀጠሮው ካለፈ ግን ሁለተኛ እንዳታነሱብኝ፤ ወላሂ አልሄድም።»

ጋሽ ይማም ወላሂ ካሉ አለቀ። ሚኒባስ እምቢ አሉ። «ያ መናኸሪያ እኔን የሚያውቀኝ መሪ ጨብጬ ነው፤ እጄን ተይዤ ስጎተት አያየኝም» አሉ። ስለዚህ የቀረችው የእኔዋ ነጭ ናት። ቀጠሮው ጠዋት አራት ሰዓት ነው፣ ሐኪሙም ሰዓት ያለፈበትን ሰው አይቀበልም ተብሏል። የጋሽ ይማም ዓይን በእኔ እጅ ወደቀ ማለት ነው።

አስተዋይ ሰው ቢሆን ዘይትና ውሃ አይቶ፣ ጎማ አስነፍቶ በጊዜ ይተኛል። እኔ ግን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ ያንን ልል ዘንግ ስለምነው ጋሽ ይማም አጠገቤ ተቀምጠው ደብረ ብርሃን ድረስ ሊሰሙኝ ነው። ይሄ አይሆንም አልኩ። አዲስ አበባ ላለ ወዳጄ ደውዬ አጭር የማርሽ ዘንግ አስመጣሁ። ከመኪናዋ ጋር የተሠራ አይደለም፤ ጎረምሶች መኪናቸውን ፈጣን ለማስመሰል ኋላ የሚያስገጥሙት ዓይነት ነው። ጣት ስታስነካው ቀጭ ብሎ ይገባል ተብሎለታል። ጫፉ ላይ እንደ ብርጭቆ የጠራች ኳስ አለች። የማርሹ ቁጥሮች መጻፍ የነበረባቸው ቦታ ላይ ቁጥር የለም፤ በምትኩ ኳሷ ውስጥ ጅራቱን የቀሰረ እውነተኛ ጊንጥ ደርቆ ተቀምጧል።

በእኛ ቆላ ጊንጥ ብርቅ አይደለም። ሰው ጫማውን ሳያራግፍ አይጫማም። ጋሽ ይማምማ አንዴ በረሃ ላይ ጫማ ውስጥ የተደበቀ ጊንጥ ነድፏቸው ሁለት ቀን ሲቃትቱ ስለከረሙ፣ ዛሬም ሦስት ጊዜ ሳያራግፉ እግራቸውን አያስገቡም።

ሰዓዳ ዕቃውን ስታየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ይሄ ቤቴ አይገባም» አለችኝ።

«ቤት አይደለም የሚገባው፣ መኪና ውስጥ ነው።»

«አባዬ አጠገቡ ሊቀመጡ?»

«አያዩትማ።»

ይህን በማለቴ ወዲያው አፈርኩ።

ረቡዕ ከሰዓት ጀማል ጋራዥ ወሰድኩት። ጀማል የከተማችን አንደኛ መካኒክ ነው። ለአቅመ አዳም እስኪደርስ የጋሽ ይማም ረዳት ሆኖ ስለሠራ ሙያውንም ንግግሩንም ከእሳቸው ነው የወረሰው። የጋራዡ በር በላይ በኩል ስለሆነ የሚገባ መኪና ሁሉ አፍንጫውን ወደ ካራቆሬ አድርጎ ነው የሚቆመው። የእኔም እንደዚያው ቆመች።

«ቲቸር፣ ነገ መንገድ አለብህ፤ ዛሬ ይሄን መነካካት ምን ይሉታል?» አለኝ ጀማል።

«አንተ ግጠመው፣ ሌላውን ለእኔ ተወው።»

ከዕቃው ጋር የመጣውን ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ የተጻፈበት ፊደል በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ነው።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«በጥንቃቄ ግጠሙ ይላል።»

«ይሄ ሥዕል ያለበትስ?»

«በጣም በጥንቃቄ።»

ጀማል ቀና ብሎ አየኝና መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ሥሯ ገባ። አሮጌው ዘንግ ወጣ፣ አዲሱ ገባ። አንዲት ቀለበት መሬት ላይ ቀርታ አይቼ «መለዋወጫ ትሆናለች» ብዬ ኪሴ ስከታት፣ ጀማል ከሥር እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝና ቦታዋ ላይ አስገባት። ሥራ ላይ ብዙ አያወራም። ሊጨርስ ሲል ጎንበስ ብዬ ጠየቅሁት።

«ጀማል፣ ኳሱ ላይ ቁጥር የለም። ማርሾቹ ወዴት ወዴት ነው የሚገቡት?»

«አንደኛ በግራ ወደ ታች» አለኝ ከመኪናዋ ሥር።

«ወደ ታች?»

«አዎ። ሁለተኛ በግራ ወደ ላይ። ሦስተኛ መሀል ላይ ወደ ታች፣ አራተኛ ወደ ላይ። አምስተኛ በቀኝ ወደ ታች፣ የኋላ ማርሽ በቀኝ ወደ ላይ።»

ሁሉንም በወረቀቱ ጀርባ ጻፍኩት። በአሮጌው ዘንግ አንደኛ ወደ ፊት፣ ሁለተኛ ወደ ኋላ ነበር። አሁን አንደኛ ወደ ታች፣ ማለትም ወደ ራሴ ስቤ ሊሆን ነው። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ዘንግ ሲያጥር አቀማመጡ ይገለበጣል። ፊዚክስ ነው። እኔ የማስተምረው ጂኦግራፊ ቢሆንም የፊዚክስ መምህሩ ጎረቤቴ ነው።

ትምህርት ቤት ስብሰባ ስለነበረኝ መኪናዋን ሳልነዳት ሄድኩ። ጀማል ከመግሪብ በፊት ቤት ድረስ አምጥቶ፣ ግቢያችን ውስጥ አፍንጫዋን ወደ ቤቱ አድርጎ አቁሟት፣ ቁልፉን ለሰዓዳ ሰጣት።

«ልክ እንደ ድሮው ነው በይው ብሎኛል» አለችኝ።

«ጀማል ትሁት ሰው ነው» አልኳት። «ሥራውን ማጋነን አይወድም።»

ሐሙስ ሱብሂ ሰግደን ተነሣን። ጋሽ ይማም ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ ጫማቸውን ሦስት ጊዜ አራግፈው፣ ሰዓዳ እጃቸውን ይዛ አጠገቤ አስቀመጠቻቸው። እሷ ከኋላ ሆነች። ለካ ማታውን «አባዬ፣ ነገ ስለ ማርሽ አንዲት ቃል እንዳይናገሩ፤ እሱ ይደነግጣል» ብላ አስምላቸዋለች። እሳቸውም ወላሂ ብለውላታል። ይህን እኔ አላውቅም። ዝም ሲሉ አዲሱ ዘንግ ጸጥ አሰኛቸው ብዬ ደስ አለኝ።

ቢስሚላህ ብዬ ሞተሩን አስነሣሁ። ከግቢ ለመውጣት የኋላ ማርሽ ያስፈልጋል። ወረቀቱን አየሁ፣ በቀኝ ወደ ላይ። በቀኝ ወደ ፊት ገፋሁት። እውነትም ቀጭ ብሎ ገባ። ነዳጅ ስሰጥና ፍሪሲዮኑን ስለቅ መኪናዋ ወደ ኋላ በመሄድ ፈንታ ወደ ፊት ዘለለችና የውሃ በርሜላችንን ገጨችው። ሁለት ቀን ያጠራቀምነው ውሃ ግቢውን አጥለቀለቀው።

«ምንድን ነው የፈሰሰው?» አሉ ጋሽ ይማም።

«ውሃ ነው ጋሼ።»

ከንፈራቸውን ነከስ አድርገው ተቀመጡ።

«አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፤ ሸክላ ድስት እንኳን ሳይሟሽ ወጥ አይሠራበትም» አልኳት ሰዓዳን። ጊዜ ላለመፍጀት ማርሹን አውጥቼ ፎሌ አድርጌ፣ ጎረቤታችን እትዬ ከድጃና ሁለት ልጆቻቸው ገፍተው አስፋልቱ ላይ አወጡን። እትዬ ከድጃ የእኔን መኪና ሲገፉ የመጀመሪያቸው ስላልሆነ የት የት እንደሚያዝ ያውቃሉ። መኪናዋ ፊቷን ወደ ደብረ ሲና አዙራ ቆመች። «አላህ ያሽርዎት» ብለው ጋሽ ይማምን ሸኙ፤ እኔንም ቆም ብለው አዩኝ።

አሁን ወደ ፊት ነው የምንሄደው። አንደኛ፣ በግራ ወደ ታች። ወደ ራሴ ሳብኩት። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ አቃሰተች፣ እንደምንም ተነሣች። ሁለተኛ፣ ወደ ላይ። ስገፋው ግንባራችን ወደ መስታወቱ ሄዶ ተመለሰ። ሦስተኛ፣ መሀል ላይ ወደ ታች። ስስበው ሞተሩ ድምፁ ጠፋ ማለት ይቻላል። አራተኛ ወደ ላይ ብገፋው ጮኸች። የሚሻለው ጩኸቱ ስለሆነ እዚያው ላይ ተውኩት።

ሜዳው ላይ መጀመሪያ ባጃጅ አለፈን። ቀጥሎ ሽንኩርት የጫነ ጋሪ። አንድ የግመል ነጂ ደግሞ ረጅም መንገድ ጎን ለጎን አብሮን ተጓዘ፤ በመስኮቱ በኩል ከጋሽ ይማም ጋር ሰላምታ ተለዋውጠው ስለ ዝናቡ ሁሉ ተጫወቱ። እኔ ይሄን ሁሉ ለመኪናዋ አዲስነት ሰጠሁት። አሮጌ ብትሆንም ዘንጉ አዲስ ነው። መንገዱ ገለጥ ሲል አምስተኛን ልሞክር ብዬ በቀኝ ወደ ራሴ ስብ ባደርገው ከሥራችን የወጣው ድምፅ ሰዓዳን «ያ ረቢ!» አሰኛት። የጋሽ ይማም እጅ ጉልበታቸው ላይ ጭብጥ ብሎ ደም ሥሩ ተገታተረ።

«አምስተኛው ገና አልተሟሸም» አልኩ።

ዳገቱ ሥር ደረስን። የአካባቢውን መንገድ የማያውቅ ካለ፣ ከእኛ ሙቀት ተነሥቶ ደብረ ሲና ብርድ ውስጥ የሚያስገባ፣ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ዳገት ነው። የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ፊት ለፊታችን የነበረ የጭነት መኪና ፍጥነቱን ሲቀንስ እኔም ቆምኩ። ቆሜ ቀረሁ። አንደኛ ብዬ ወደ ራሴ ስቤ ስነሣ ሞተሩ ጠፋ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ጠፋ። በሦስተኛው ሙከራ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን።

«ሰዓዳ፣ ታኮ!» አሉ ጋሽ ይማም።

የሾፌር ልጅ ናት። በሩን ከፍታ ወርዳ የእኔን ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ ከጎማው ሥር ስታስገባ ዓይኔን እንኳ ጨፍኜ አልገለጥኩም። መኪናዋ ቆመች። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ውስጣችን ሞላ። ሰዓቴን አየሁ፤ ሁለት ሰዓት አልፏል። ከኋላችን አንድ አውቶቡስ ጥሩምባውን አስረዘመው።

ጋሽ ይማም ቆባቸውን አወለቁና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«አልተጻፈልኝም ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አዙራት። ወደ ቤት እንመለስ።»

ሰዓዳ በመስኮቱ በኩል ቆማ ነበር። ዕንባዋ መጣ። ስታለቅስ ድምፅ የላትም፣ እኔ ግን አየኋት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። የማላውቀውን አውቃለሁ ማለቴ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የጎዳው ሰው አልነበረም፤ አሁን ግን እኒህ ሰው ፍየል ሰላም ሲሉ ሊኖሩ ነው። ደግሞ አዙር ተባልኩ እንጂ በምን ላዙር? የኋላ ማርሽ የለኝም። መሄድም መመለስም አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ አንዴ ልሞክር» አልኩና እንደገና ሞተሩን አስነሥቼ ዘንጉን ወደ ራሴ ሳብኩ። ጠፋ።

ጋሽ ይማም ቆባቸውን መልሰው አጠለቁ።

«ሰዓዳ፣ መሐላ ላፈረስኩበት ሦስት ቀን እጾማለሁ፤ አሁንስ እናገራለሁ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሰው! ከቤት ጀምሮ በሁለት ነው የምትነሣው! በሁለት ትነሣና አንድ ታስገባለህ፣ ቀጥለህ አራት፣ ከዚያ ሦስት! በዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ እየሄድክ የኋላ ማርሽ ልታስገባ ነበር! ካምቢዮው አፍ ቢኖረው ፖሊስ ይጠራ ነበር!»

«አይ ጋሼ፣ አዲሱ ዘንግ አቀማመጡ የተገለበጠ ነው» ብዬ በእርጋታ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ጀማል ራሱ ነው የነገረኝ። ጽፌዋለሁ። አንደኛ በግራ ወደ ታች ይላል።»

ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ጀማል ወደ ታች ሲልህ» አሉ ቃል በቃል እየለዩ፣ «የመኪናዋ አፍንጫ ወዴት ነበር?»

መልሱን ለመስጠት አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ቃል ግን እኔኑ አስደነገጠኝ።

«ወደ ካራቆሬ።»

ከኋላችን አውቶቡሱ ጥሩምባውን ደገመው።

«ያን ልጅ እኮ እኔ ነኝ ያሳደግሁት» አሉ ጋሽ ይማም። «እሱ ዘንድ ታች ካራቆሬ ነው። ሲተኛ እንኳ ትራሱን ወደ ላይ አድርጎ ነው የሚተኛው። ለመሆኑ አንተ የምታስተምረው ምን ነበር?»

«ጂኦግራፊ።»

ሳቃቸው የጀመረው ከሆዳቸው ነው። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ሞራ ከጋረደው ዓይናቸው ዕንባ ወረደ። ሰዓዳም እያለቀሰች መሳቅ ጀመረች። ሲስቁ የሰማኋቸው ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ላስቃቸው ብዬ ብሞክር እንደዚያ አይሳካልኝም ነበር።

ሳቃቸው ሲበርድ ግራ እጃቸውን ዘረጉ። «ልጄ ዛሬ የዚያን ሐኪም ቤት በር እንድታይ ነው የምፈልገው። አንተ መሪውንና ፍሪሲዮኑን ያዝ። ማርሹን ለእኔ ተወው።»

ሰዓዳ ከኋላ ገብታ በሩን ዘጋች። የጋሽ ይማም መዳፍ ጊንጡ ያለባት ኳስ ላይ አረፈ። ዳሰሷት፣ ዙሪያዋን በጣታቸው ፈተሿት።

«ልስላሴዋ ደስ ይላል» አሉ። «ይቺን እንኳ ጥሩ ገዝተሃል።»

በኋላ ማሳያው መስታወት ከሰዓዳ ጋር ተያየን።

«ፍሪሲዮን» አሉ። ረገጥኩ። ዘንጉን በግራ ወደ ፊት ገፉት። «ልቀቅ፣ ቀስ እያልክ።» ለቀቅሁ። መኪናዋ ከድንጋዩ ላይ ተነሣች፣ ምንም ሳትንቀጠቀጥ ወጣች። «ፍሪሲዮን።» ሁለተኛ። ከዚያ በኋላ እኔ ሾፌር መሆኔ ቀረ። «ፍሪሲዮን» ሲሉ እረግጣለሁ፣ ሲያስገቡ እለቃለሁ። ጥምዙ ከመድረሱ በፊት «አሁን በቀኝ ገደል አለ፣ መሀሉን ያዝ» ይላሉ፤ እውነትም አለ። ብርዱ በመስኮት ሲገባ «ደብረ ሲና ገባን» አሉ። ጣርማበር ዋሻው ጋ ልንደርስ ስንል «ጥሩምባ ንፋ» አሉኝ፤ ነፋሁ። ዋሻው ውስጥ ድምፁ ሲመለስ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያቺን ሰዓት ባስታወስኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስንቆም ለአራት ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ይቀራል። መዝጋቢዋ ልጅ የጋሽ ይማምን ነጭ ዓይኖች አይታ «አባት፣ ማን ነው ያመጣዎት?» አለቻቸው።

«ራሴ ነድቼ ነው የመጣሁት» አሏት። «ይሄ መሪ እየያዘ አግዞኛል።»

የቀኝ ዓይናቸው ሞራ በዚያው ቀን ተነሣ። ደብረ ብርሃን የሰዓዳ አክስት ቤት አደርን። በማግስቱ ሐኪሙ ሽፋኑን ሲያነሣ ሰዓዳ እጃቸውን ይዛ ነበር። ዓይናቸውን ብዙ ጊዜ ጨፈን ገለጥ አደረጉና መጀመሪያ እሷን አዩ።

«ከስተሻል» አሏት። ከዚያ እኔን። «አንተ ደግሞ ሸብተሃል፤ ማንም አልነገረኝም።» ሐኪሙን አመስግነው፣ ማንም እጃቸውን ሳይዛቸው፣ በራሳቸው እግር ወደ መኪናው ሄዱ። ሰዓዳ ከኋላቸው ስትራመድ እጇን ዘርግታ ነበር፤ ቀስ ብላ አወረደችው።

በሩን ከፍተው ሊገቡ ሲሉ ደንገጥ ብለው ቆሙ።

«አትንቀሳቀስ» አሉኝ በሹክሹክታ። እኔ መሪው ጋ ተቀምጬ ነበር። ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ከማርሹ ላይ ሳይነቅሉ ጫማቸውን አወለቁ። ምን እንደሆነ ሲገባኝ ጊዜው አልፎ ነበር። በጫማው ሦስት ጊዜ ኳሷን አቀመሷት። በሦስተኛው ዘንጉ ፎሌ ገባ።

«ጋሼ፣ የሞተ ነው» አልኳቸው። «ጌጥ ነው። ኳሱ ውስጥ ነው ያለው።»

ጠጋ ብለው አዩት። ጅራቱን፣ እግሮቹን፣ አንድ በአንድ። ከዚያ መዳፋቸውን ገልጠው አዩት።

«ትናንት ዳገቱን ሙሉ ይዤው የወጣሁት ይሄን ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ልስላሴው ደስ ይላል ያልኩት?»

«አዎ።»

ጫማቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ወደ ሰዓዳ ዞሩ። «እኔስ ታውሬ ነው፤ እሱ ምን ሆኖ ነው?» አሏት።

ሰዓዳ ወደ እኔ አየች። መልስ ነበረኝ፣ ግን ዝም ማለት ተማርኩ። ጋሽ ይማም ከኪሳቸው መሀረብ አውጥተው ኳሷን ጠምጥመው አሰሯት፤ እስከ ዛሬ አልተፈታም። ወደ ቤት ስንወርድ ያቺን አንድ ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም። አንዳንዴ «ይሄ ቤት አልነበረም»፣ «ያቺ ዛፍ ተቆረጠች?» ይሉ ነበር። እኔም አንደኛን ወደ ፊት፣ ሁለተኛን ወደ ኋላ እያልኩ ቁልቁለቱን ወረድኩ።

ግቢያችን ስንደርስ ወረዱና፣ ጠርዙ የጎደጎደውን በርሜል ቆመው አዩት። ከዚያ ተመልሰው በመስኮቴ በኩል ጎንበስ አሉ።

«ዛሬ ማርሹን አልለመንከውም» አሉኝ።